የብልቃጥ ኮሰረት

ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር መሆኔን የሚያውቅ ባለቤቴ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶብኝ ስለነበር፣ ሆዴ ገፍቶ ራሱ እስኪናገር ድረስ ለማንም ላንናገር ተማምለን ነበር። እናቴ እንኳን ከፈረስ ቤት ከተማ ደውላ «ምነው ድምፅሽ ደከመብኝ?» ስትለኝ፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማ» እያልኩ አልፋት ነበር።

የምሠራው ቡሬ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የግል ላብራቶሪ ነው። ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ናናና ሌላም መዓዛ ያለው ተክል በቲሹ ካልቸር እናባዛለን። ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ እንዲህ እላለሁ፦ ከጤነኛ እናት ተክል የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጫፍ እንቆርጣለን፤ በበረኪና አጥበን፣ ተቀቅሎ ከጀርም በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ፣ በአፈር ፈንታ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ እናቆማታለን። ጄሊው ስኳር አለው፣ ማዕድን አለው፣ ቫይታሚን አለው። ከዚህ ሌላ ተክሏን «ቅርንጫፍ አውጪ» ወይም «ሥር ስደጂ» እያለ የሚያዝ፣ በዓይን የማይታይ ያህል ጥቂት ሆርሞን አለው። ከአንዲት ጫፍ ብዙ ችግኝ ይገኛል። ገበሬው ጓሮ ያለው ኮሰረት ሥሩ እየበሰበሰ አስቸግሮ ነበር፤ ከታመመው ቆርጦ መትከል ደግሞ በሽታውን ተሸክሞ መዞር ነው። ከእኛ የሚወጣው ንጹሕ ነው።

ሥራዬን እወደዋለሁ። በዚያ እርግዝና ግን ኮሰረት ጠላት ሆነብኝ። ብልቃጥ ውስጥ ታፍኖ የከረመ ቅጠል ክዳኑ ሲነሳለት የሚለቀው ሽታ የጓሮውን አይመስልም፤ አፍንጫ ይበሳል። አንድ ብልቃጥ በከፈትኩ ቁጥር አንጀቴ ይገለበጣል። ሁለት ማስክ ደራርቤ፣ በአፌ እየተነፈስኩ፣ ሲብስብኝ «ጓንት ልቀይር» ብዬ ወጥቼ አስመልሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለስ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ የጨጓራ ሕመም ይዟታል ብለው ስለሚያምኑ ቁርስ ሳልበላ እንዳልመጣ ይመክሩኛል።

በዚያ ሰሞን ሥር ያወጡ የኮሰረት ችግኞች መደርደሪያውን ሞልተው ነበር። የሚጠብቋቸው በቋሪት ወረዳ፣ ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ላስቲክ የለበሰ ቤት ሠርተዋል፤ ችግኙ ከብልቃጥ ወጥቶ አፈርና አየር የሚለማመደው እዚያ ነው። ችግሩ መንገዱ ነበር። አንድ ቀን ይከፈታል፣ በማግስቱ ይዘጋል። ተኩስ የሚሰማበት ቀን አለ፤ ስልክ የማይሠራበት ሳምንት አለ። ችግኙ ደግሞ ሰላም ይምጣ ብሎ አይጠብቅም፤ ጄሊው ሲያልቅበት ቅጠሉ ቢጫ መሆን ይጀምራል። አለቃችን «ነገ መንገዱ ክፍት ነው ተብሏል፤ ይዘሽ ውጪ» ሲለኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ምክንያቴን ብናገር ምስጢሬ ይወጣል።

ባለቤቴ ጫማዬን ሳስር ቆሞ ያየኝ ነበር። «ሌላ ሰው አይሄድም?» አለ።

«ምን ብዬ ነው ሌላ ሰው ይሂድ የምለው?»

በሩን ከፍቶ አሳለፈኝ።

ሾፌራችን ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የቡሬ ሰው፣ ዝምተኛ፣ መሪ ከመጨበጣቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያማትቡ። ብልቃጦቹን በካርቶን በካርቶን አድርገን፣ መሐል መሐሉን በጋዜጣ ጠቅጥቀን፣ ፒካፑ ላይ ጫንን። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ጋሼ ሻይ ቤት አጠገብ አቁመው ስለ መንገዱ ጠየቁ። ባጃጆቹ እንደወትሮው ይራኮታሉ፤ ጋሪ የሚነዳ ሰው ፈረሱን ይሰድባል፤ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከቋሪት በኩል የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «መንገዱስ ሰላም ነው» አለና ቀጠለ፤ «ብቻ ሕዝቡ ተረብሿል። ምንጭ የሚመርዙ ሰዎች ይዞራሉ ይባላል። የማያውቁትን ሰው ውሃ አጠገብ አያስደርሱም።»

ጋሼ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «ወሬ ነው» አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ሲሉ ግን ከኋላችን የተደረደረው ካርቶን በጀርባዬ በኩል የሚያየኝ መሰለኝ።

ከአስፋልቱ ተገንጥለን በጠጠሩ መንገድ ብዙ ከሄድን በኋላ፣ አንድ ጠመዝማዛ ስናልፍ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ጋሼ ፍሬን ያዙ። ከባሕር ዛፉ ሥር መሣሪያ የያዙ ሰዎች ተነሡ። የማን ወገን እንደሆኑ አልጠየቅኋቸውም፤ እነሱም አልነገሩኝም። ፈርቶ ለቆመ ሰው ልዩነቱ አይታየውም።

«ውረዱ» አሉን። ወረድን። መታወቂያችንን ወስደው አገላብጠው አዩት። አንደኛው፣ ነጠላ አንገቱ ላይ የጠመጠመ፣ አነጋገሩ የአገራችን የሆነ፣ የመጀመሪያውን ካርቶን ከፈተና አንድ ብልቃጥ አወጣ። ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ችግኝ ነው» አልኩ። «ኮሰረት ነው። ገበዝ ማርያም ላሉ ሴቶች የምናደርሰው።»

«ኮሰረት በብልቃጥ?»

«አዎ። እኛ ጋ ነው የሚበቅል፤ ላብራቶሪ ውስጥ።»

«አፈሩስ?»

«አፈር የለውም። የረጋው ነገር ነው የሚመግበው።»

ጓደኞቹን ዞር ብሎ አያቸው። «ያለ አፈር ይበቅላል ትላለች» አላቸው። ማንም አልሳቀም። አጠር ያለው ቀረብ ብሎ ብልቃጡን ነቀነቀው። «ይሄ ነጩ ምንድን ነው? ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል?»

ምን ለማለት እንደፈለገ ገባኝ፤ የምንጩን ወሬ ነው። ጋሼም ገብቷቸው ኖሮ «ልጆቼ፣ እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ምግብ ነው፣ የተክል ምግብ ነው» ብለው ጀመሩ።

«አንቱ ዝም ይበሉ። እሷ ትናገር።»

ተናገርኩ። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ማዕድኑ ተናገርኩ። አንዲት ቃል ከአፌ ስትወጣ ራሴን መርገም አማረኝ፤ «ኬሚካል» ብያለሁ። ባለ ነጠላው ቃሏን ያዛት። «ኬሚካል ነው?»

«ማለቴ ማዳበሪያ እንደሚባለው ነው፤ በጣም ጥቂት ነው፤ ሰው አይጎዳም።»

«ሰው አይጎዳም?»

«አይጎዳም።»

ክዳኑን በጥርሱ ነክሶ ከፈተው። ያ ሽታ ወጣ። ብልቃጡን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እንግዲያ ብዪውና እንይ።»

ጋሼ «እኔ ልብላው፤ ለእኔ ስጡኝ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። አጠር ያለው በመሣሪያው አፈሙዝ እጃቸውን መለሰው። አልመታቸውም፤ ብቻ ገፋ አደረገው፣ ከብት እንደሚመለስ።

ብልቃጡን ተቀበልኩ። ጣቴን ሰድጄ ከጄሊው ቆረስኩ። ችግኟ ከነሥሯ ተከትላ መጣች፤ ቀጫጭን ነጫጭ ሥሮች ጣቴ ላይ ተጠመጠሙ። አፌ ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ ጣፋጭ ነበር፤ ቀጥሎ ጨው ጨው አለኝና ምላሴን አደረቀው። ቅጠሏ ጥርሴ ሥር ስትሰበር የኮሰረቱ ሽታ በአፌም በአፍንጫዬም ሞላ። ዋጥኩት።

«ጨምሪ» አለ።

ጨመርኩ። ብልቃጡ ባዶ እስኪሆን ድረስ በላሁ። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ለካ ነገሩ አላለቀም። እስኪ ትወድቅ እንደሆነ እንይ ብለው እነሱም ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉ።

ያን ጊዜ ነው ትክክለኛው ፍርሃት የመጣው። እስከዚያ ድረስ የፈራሁት መሣሪያውን ነበር። ድንጋዩ ላይ ስቀመጥ ግን አንጀቴ መገልበጥ ጀመረ፤ በየቀኑ እንደሚያደርገው። አፌ ምራቅ ሞላ። ባስመልስ መርዝ ነው ይላሉ። መርዝ ነው ካሉ ደግሞ እኔም ጋሼም ከዚህ ዛፍ ሥር አንነሳም። ነፍሰ ጡር ነኝ ልበል? ሆዴ ገና አልገፋም፤ ማን ያምነኛል? ደግሞም ያን ቃል በዚያ ቦታ፣ በእነዚያ ሰዎች ፊት ማውጣት አንዳች ነገር ይጠራብኛል ብዬ ፈራሁ። ለእናቴ ያልነገርኩትን ለእነሱ እንዴት እነግራለሁ?

ምራቄን ዋጥኩ። እንደገና ሞላ፤ እንደገና ዋጥኩ። ዓይኔን አንዲት ጉንዳን ላይ ተከልኩና በአፍንጫዬ መተንፈስ ተውኩ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ባለ ነጠላው ትክ ብሎ ያየኛል።

«ላብ ላብ አላት» አለ አጠር ያለው።

«ፈርታ ነው» አሉ ጋሼ። «መሣሪያ ፊቷ ተደግኖ ላብ የማይለው ማን አለ? እናንተስ እህት የላችሁም?»

ጉሮሮዬ ላይ መራራ ነገር ደረሰ፤ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት። ድንግል ማርያምን በሆዴ ጠራኋት፤ ምን ብዬ እንደለመንኳት አላስታውስም፤ ምናልባት ስሟን ብቻ ነው የደጋገምኩት። ፀሐይዋ ከራሴ ላይ ዘወር ብላ የባሕር ዛፉ ጥላ እግሬ ላይ ሲደርስ ባለ ነጠላው ተነሣ። ሌሎቹን ካርቶኖች ከፍቶ እጁ የገባውን ብልቃጥ ሁሉ ክዳኑን እያነሳ አየ፣ አሸተተ፤ ጥቂቱን መሬት ላይ ፈጠፈጠ። ከዚያ መታወቂያዬን ጉልበቴ ላይ ጣለልኝ።

«ሂዱ። በዚህ ዕቃ ግን ሁለተኛ እንዳትመጡ።»

ጋሼ ክንዴን ይዘው አስነሡኝ። መኪናው ጠመዝማዛውን አልፎ ኮረብታው እስኪጋርደን ድረስ ጥርሴን እንደነከስኩ ነበርኩ። ከዚያ «ያቁሙልኝ ጋሼ» አልኩ። በሩን ከፍቼ አንጀቴ እስኪወጣ አስመለስኩ። እሳቸው ውሃ አቀበሉኝና ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ፍርሃቱ ነው ያሉ ይመስለኛል።

ሴቶቹ ዘንድ ስንደርስ የማኅበሩ መሪ፣ ጠና ያሉ መበለት፣ ሮጠው ወጡ። ከካርቶኑ ውስጥ ክዳን የሌላቸውን ብልቃጦች ሲያዩ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጫኑ። «ምን አገኛችሁ ልጄ?» አሉ። ጋሼ በአጭሩ ነገሯቸው። ሥራ ግን ይጠብቀን ነበር። ክዳኑ የተነሳ ብልቃጥ አየር ገብቶበታል፤ ጄሊው ስኳር ነውና ሻጋታ በቶሎ ይወርሰዋል። ያኔውኑ መተከል አለበት። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ጄሊውን ከሥሩ ላይ ለብ ባለ ውሃ እያጠብን፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ እያቆምን፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽ በላስቲክ እየሸፈንን እስኪመሽ ሠራን። ከብልቃጡ ሳወጣ ብዙ ችግኝ ሰበርኩ። መበለቷ አይተው «አንቺ ተቀመጪ፤ ውሃውን ብቻ አፍሺልን» አሉኝ።

ሲመሽ ጋሼ «በዚያ መንገድ ዛሬ አልመለስም» ስላሉ እዚያው አደርን። መበለቷ አልጋቸውን ለቀቁልኝ። ሽሮ አቀረቡ፤ ሽሮው ላይ ጣል ያደረጉበት ቅቤ በኮሰረት የነጠረ ነበርና አልበላሁም። ሁኔታዬን እያዩ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ አበው» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ግን የፈራሽው ደርሶ አልፏል። ተኚ በይ።»

አላለፈም። እሳቸው አላወቁም እንጂ ገና መጀመሩ ነበር። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ የበላሁትን አንድ በአንድ አሰብኩ። ስኳሩ ምንም አይደለም። ማዕድኑም ምንም አይደለም። ያ «ሥር ስደጂ» እያለ የሚያዘው ሆርሞንስ? መጠኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የምለካው እኔ ነኝ። ለሰው አካል ከምንም የማይቆጠር እንደሆነ ደጋግሜ ለራሴ ነገርኩት። ፍርሃት ግን ሒሳብ አያውቅም።

በማግስቱ ስንመለስ ከጠመዝማዛው ላይ ማንም አልነበረም። ድንጋዩ ተነሥቷል። የብልቃጥ ስብርባሪ ብቻ ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል። ጋሼ ጎማው እንዳይወጋ በዳር በዳር ነዱ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩ።

ለባለቤቴ የዚያኑ ዕለት ነገርኩት። እሱ የታሪክ መምህር ነው፤ ስለዚህ ነገር አንዳች አያውቅም። «ምን ምን አለበት?» አለኝ፤ ዘረዘርኩለት። ሆርሞኑ ላይ ስደርስ ፊቱ ተለወጠና ወዲያው መልሶ አስተካከለው። «ያልሽው ያህል ጥቂት ከሆነ ምንም የለውም» አለ። እኔን ለማጽናናት የተናገረው የገዛ ቃሌን ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ለአዋላጇ ነገርኳት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አልሳቀችብኝም። «እንዲህ ያለ ነገር የበላች እናት አይቼ አላውቅም» አለች፤ «ሐኪሙን ልጠይቅልሽ።» ሐኪሙ ስለ ሆርሞኑ መጠን ጠይቆኝ ሲያበቃ «ፅንሱን የሚጎዳ አይመስለኝም» አለ። አይመስለኝም! ይህቺን ቃል ይዤ ወራቱን ሁሉ ገፋሁ። ሌት በሕልሜ ሆዴ እንደ ብልቃጥ ጠርቶ ውስጡ ይታየኛል፤ ልጁ ከእግሩም ከእጁም ጣት ነጫጭ ሥር እያወጣ፣ ሥሩ ሆዴን ዞሮ ዞሮ ሲሞላው አያለሁ። ላቤ ወርዶ እነቃለሁ። ቀን ላብራቶሪ ገብቼ ያንኑ ሆርሞን እለካለሁ። አንድ ቀን ሚዛኑ ፊት ቆሜ ማንኪያውን አስቀመጥኩና፣ ባልደረባዬን «ዛሬ አንቺ ለኪልኝ» አልኳት። ሆዴ በዚያን ጊዜ ገፍቶ ሁሉም አውቀው ነበርና ምክንያቴን አልጠየቀችም።

ከቋሪት ወሬ ይመጣ ነበር። ክዳናቸው ከተነሳው ችግኞች አብዛኞቹ ሞቱ፤ ያልተነኩት ግን ያዙ። መበለቷ በሰው ስልክ ደውለው «ቅጠሉ እንዴት ያለ ለምለም መሰለሽ» ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ። የማስበው ስለሞቱት ነበር።

ምጤ ቡሬ ላይ ጀምሮ ሲጓተትብኝ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ላኩኝ። በአምቡላንሱ ውስጥ አስፋልቱ ላይ ፍተሻ አስቆመን። መሣሪያ የያዘ ሰው በሩን ከፍቶ ብቅ ሲል ጩኸቴን አቀለጥኩት። ሰውዬው ደንግጦ «ማርያም ትቅረብሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» እያለ በሩን መልሶ ዘጋ። ቅን ሰው ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን ፊቱን አላየሁትም።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ስታለቅስ ሰማኋት፤ ግን «አምጧት» ለማለት ደፍሬ አልተናገርኩም። ነርሷ ጠቅልላ ደረቴ ላይ ስታደርጋት ጨርቁን ገለጥኩና ጣቶቿን አየሁ። እግሯን አየሁ። ጀርባዋን ገልብጬ አየሁ። ነርሷ «ምን ትፈልጊያለሽ? ምንም አልጎደላት» አለች ተቆጥታ፤ «ይበርዳታል፣ ሸፍኛት!» ሸፈንኳት። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ከአራስ ቤት ሳልወጣ ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡ። ገንፎ ቀረበላቸው። ባለቤቴ ልጅቷን አቀፈና ወደ ጓዳ ገባ፤ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም ነበር። እሳቸው ጀመሩ።

«ያን ዕለት አንቺ ስትበይ እኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? የመኪናውን ቁልፍ በኪሴ ጨብጫለሁ። ከወደቀች አንሥቼ ልሮጥ፣ ከተኮሱም ይተኩሱ ብዬ ቆርጬ ነበር። እንደማትወድቂ እኔ ምን አውቃለሁ? እኔም እኮ ያ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ እኔ እሷን ይዤ ነበር» አልኳቸው፤ በአገጬ ወደ ጓዳው እየጠቆምኩ።

ማንኪያው እጃቸው ላይ ቆመ። ወራቱን በሆዳቸው ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። «መንገድ ላይ ያስመለስሽው...»

«አዎ።»

«ምነው ታዲያ ያኔ ብትነግሪኝ? ለእነሱ እነግርልሽ ነበር።»

«ቢያምኑዎትስ ይተዉኝ ነበር?»

ጋሼ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «እንጃ» አሉ። «እንጃ ልጄ።» ከዚያ ጓዳ ገብተው ልጅቷን ከባለቤቴ ተቀበሉና፣ እኔ እስክጠራቸው ድረስ አቅፈዋት ቆሙ።